ዕድሜና ጤና

ዕድሜ የማይመኝ ሰው የለም። ሽማግሌዎች ልጅን ሲመርቁ ‹‹ዕድሜና ጤና ይስጥህ›› ይላሉ። ይህን ምርቃት ልብ ብሎ የሚሰማ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። መራቂዎቹ ‹‹ዕድሜ ይስጥህ›› ብለው አያቆሙም፤ ጤናን ይጨምሩበታል። ይህም ስለ ምን ነው ቢባል፥ ጤና የሌለው ዕድሜ ለባለቤቱም ለቤተ ሰቡም ከባድ ሸክም መሆኑን ከጥንት ጀምሮ አይተው ስላወቁት ነው።

ጉንደ ወይን በምሥራቅ ጎጃም ያለች የደጋ ከተማ፥ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳም መቀመጫ ናት። በዚያ አገር በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ እንበል። ሁለቱም 70 ዓመት ሞልቷቸዋል። አንደኛው ማለዳ ተነሥተው ከዘራቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ተመልሰው ጓሮአቸውን ይኮተኩታሉ፤ ቀኑም ሲገፋ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የተጣሉትን ያስታርቃሉ። ሁለተኛው ግን ቀኑን ሁሉ ከግድግዳ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ይውላሉ። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ እግራቸው አብጦ መሄድ ተስኗቸዋል፤ ሌሊትም ሳል አያስተኛቸውም።

መንገደኛ ሁለተኛውን ሽማግሌ ሲያይ ‹‹ምን ይደረግ፥ አርጅተዋል›› ብሎ ያልፋል። ነገር ግን የፊተኛውም ሽማግሌ በዕድሜ እኩያቸው ናቸው። ዓይንን ያጠፋው፥ እግርን ያሳበጠው፥ ሳልንም ያመጣው ዕድሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ላይ እኩል በደረሰ ነበር። እንግዲያውስ ‹‹እርጅና ነው›› ተብሎ ከሚተወው ነገር ብዙው እርጅና አይደለም፤ ደዌ ነው። ከደዌውም ብዙው አስቀድሞ ሊከለከል፥ ከመጣም በኋላ ሊታከም ይችላል። እርጅናንና ደዌን ለይቶ ማወቅ የጥበብ መጀመሪያ ነው።

እርጅና ምንድር ነው?

የሣር ቤት ያለው ሰው ክረምት ከመግባቱ አስቀድሞ ክዳኑን ይመለከታል። የሳሳውን በአዲስ ሣር ይደፍናል፤ የተሰበረውንም ማገር ይለውጣል። እንዲህ ያደረገ እንደ ሆነ ቤቱ ብዙ ዘመን ይኖራል። ቸል ያለ እንደ ሆነ ግን በመጀመሪያው ክረምት ጠብታ ይገባል፤ በሁለተኛው ማገሩ ይበሰብሳል፤ በሦስተኛው ጣራው ይወርዳል።

የሰውም ሰውነት እንዲሁ ነው። ነገር ግን ሰውነት ራሱን በራሱ የሚጠግን ድንቅ ቤት ነው። ልጅ ሲሮጥ ወድቆ ጕልበቱ የተላጠ እንደ ሆነ በጥቂት ቀን አዲስ ቆዳ ይወጣለታል። አጥንትም ቢሰበር በደንብ ከታሰረ ተመልሶ ይገጥማል። ቤት ከብዙ ድንጋይ እንደሚሠራ ሰውነትም ሕዋስ ከሚባሉ፥ በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች ተሠርቷል። በደም ውስጥ ያሉት ቀያይ ሕዋሳት 4 ወር ያህል ኖረው ያልፋሉ፤ በእነርሱም ፈንታ አዲሶች ይተካሉ።

በልጅነትና በወጣትነት ዘመን ጥገናው ከጉዳቱ ይቀድማል። ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ግን ጥገናው ይዘገያል፤ ጉዳቱም ይከማቻል። እርጅና ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ጠጕር ይሸብታል፤ ቆዳ ይጨማደዳል፤ ቍስል ቶሎ አይድንም። ከ40 ዓመት በኋላ ዓይን የቅርቡን ነገር አጥርቶ ማየት ይሳነዋል፤ ዳዊት የሚደግሙ ሰዎች መጽሐፉን ከፊታቸው እያራቁ የሚይዙት ስለዚህ ነው። ጡንቻም በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ይቀንሳል፤ አጥንትም ይሳሳል። እነዚህ የእውነተኛ እርጅና ምልክቶች ናቸው፤ በሰው ሁሉ ላይ ይደርሳሉና የሚያሳፍሩ አይደሉም።

እርጅናን ለማስቀረት ብዙ ሰዎች በብዙ አገር ደክመዋል። የዕድሜያቸው ልክ በመዝገብ ከተረጋገጠው ሰዎች ሁሉ ረጅም ዕድሜ የኖሩት ዣን ካልማን የተባሉ የፈረንሳይ አገር ሴት ናቸው፤ እርሳቸውም 122 ዓመት ኖረው በ1989 ዓ.ም. ሞቱ። ከዚያ ያለፈ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በ1927 ዓ.ም. በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሊቃውንት ለአይጦች የሚበቃቸውን ዓይነት ምግብ ሁሉ፥ ነገር ግን በመጠን አሳንሰው ቢሰጧቸው ጠግበው ከበሉት ይልቅ ብዙ ጊዜ እንደ ኖሩ አዩ። ይህ በአይጥ የታየው ነገር የሰውን ዕድሜ እንደሚያረዝም ግን አልተረጋገጠም። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ቢራብ ሰውነቱ ይጫጫል እንጂ አይጠቀምም። እርጅናን ፈጽሞ የሚያስቀር መድኃኒትም እስከ አሁን የለም። ‹‹ይህን የጠጣ አያረጅም›› እያለ የሚሸጥ ሰው ቢኖር ገንዘብ ፈላጊ እንጂ ሐኪም አይደለም።

የሣር ቤት ባለቤት ዝናብን መከልከል አይችልም፤ ክዳኑን መጠበቅ ግን ይችላል። እርጅናም እንዲሁ ነው። የሚቻለውን ነገር በዝርዝር ማወቅ ይገባል።

ስለ ዓይን

ሁለተኛው ሽማግሌ ማየት የተሳናቸው በእርጅናቸው ነው። የዓይናቸው ጥፋት የጀመረው ግን በልጅነታቸው ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?

ትራኮማ የሚባል የዓይን ደዌ አለ። የሚመጣውም ባክቴሪያ ከሚባል እጅግ ጥቃቅን ተውሳክ ነው። ፊቱን ያልታጠበ ልጅ ዓይናር ይይዘዋል። ዝንብ በዓይናሩ ላይ ታርፋለች፤ ተነሥታም በሌላው ልጅ ዓይን ላይ ታርፋለች። በእጅም፥ ፊት በተጠረገበት ጨርቅም ደዌው ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። አንድ ጊዜ የያዘው ልጅ ይድናል። በየዓመቱ የተመላለሰበት ልጅ ግን የዓይኑ ቆብ በውስጥ በኩል ይጠባሳል። ጠባሳውም በብዙ ዓመት ውስጥ ቆቡን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሽፋሽፍቱም ተቀልብሶ ብሌኑን ይፍቃል። ሰውየው ዓይኑን በጨፈነና በገለጠ ቍጥር ይወጋዋል። በወረንጦ ቢነቅለው ተመልሶ ይበቅላል። በመጨረሻም ብሌኑ ነጭ ይሆናል፤ ብርሃኑም ይጠፋል።

በ1998 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ ሁሉ በተደረገው ምርመራ የትራኮማ ብዛት ከሁሉ ይልቅ በአማራ ክልል ተገኘ። ስለዚህ ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ የጎጃም ልጆች ሁሉ ጉዳይ ነው። መከላከያው አራት ነው። ፊትን በየዕለቱ መታጠብ፥ ሽንት ቤት ቈፍሮ አካባቢን በማጽዳት ዝንብን ማራቅ፥ ሐኪሞች በሰፈር መድኃኒት ሲሰጡ መዋጥ፥ ሽፋሽፍቱ የተቀለበሰበትንም ሰው ወደ ሐኪም ወስዶ ቆቡን በቀላል ቀዶ ጥገና ማስተካከል ነው። የፊት መታጠቢያ ውኃ አንድ ጣሳ ይበቃል። በአንድ ጣሳ ውኃ የ70 ዓመት ዓይን ይጠበቃል።

ሌላም የዓይን ደዌ አለ፤ ሞራ ይባላል። በዓይን ውስጥ እንደ መስተዋት የጠራች ትንሽ ክፍል አለች፤ ሌንስ ትባላለች። በሽማግሌዎች ዓይን ይህች ክፍል ትደፈርሳለች፤ ሰውየውም በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሰው ይሆናል። ይህ በእርጅና የሚመጣ ቢሆንም መድኃኒት አለው። ሐኪሙ የደፈረሰችውን ሌንስ አውጥቶ በፈንታዋ ሰው ሠራሽ የጠራች ሌንስ ያገባል። ሥራው የሚፈጀው ጊዜ አጭር ነው፤ ብዙ ሰዎችም በማግሥቱ የልጅ ልጆቻቸውን ፊት ለይተው ያያሉ። የቅርብ ማየት ብቻ ለተሳነው ደግሞ መነጽር ይበቃዋል።

ስለ እግር

በጎጃም ደጋ ብዙ ቦታ ቀይ አፈር አለ። ይህ አፈር በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ ከወጣ ድንጋይ የተገኘ ነው። በዚህ አፈር ላይ ብዙ ዘመን በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ደቃቁ አፈር በእግሩ ቆዳ በኩል እየገባ በውስጥ ያለውን የፈሳሽ መተላለፊያ ሥር ይጎዳዋል። እግሩም እያበጠ ይሄዳል፤ ቆዳውም ይጠነክራል፤ ይሰነጠቃልም። ሰው ይህን ደዌ ዝሆኔ ይለዋል። በቈላ አገር በወባ ትንኝ ዓይነት የሚተላለፍ ሌላ የእግር እብጠት አለ፤ የደጋው ግን ከአፈር ነው። ይህንንም በኢትዮጵያ ይሠሩ የነበሩ ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም መርምረው አስረድተዋል።

ይህ ደዌ እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በአንድ ቤት ብዙ ሰው ቢታመም ሁሉም በአንድ አፈር ላይ ስለሚሄዱና ቆዳቸውም በተፈጥሮ ቶሎ የሚጎዳ በመሆኑ ነው። ስለዚህ እግሩ ካበጠ ሰው ጋር አብሮ መብላትን የሚጸየፍ፥ በሠርግና በገበያም የሚሸሸው ሰው ያለ ምክንያት ወንድሙን ያሳዝናል። በሽተኛው እግሩን በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ቢታጠብ፥ ቅባት ቢቀባ፥ በጨርቅ ቢጠቀልልና ጫማ ቢያደርግ እብጠቱ ይቀንስለታል፤ ወደ ሥራውም ይመለሳል። ልጅ ግን ከመጀመሪያው ጫማ ቢያደርግና ማታ ማታ እግሩን ቢታጠብ ይህን ደዌ ከቶ አያየውም።

ስለ ጢስና ስለ ሳል

መውጫ በሌለው ቤት ውስጥ የሚነድ እሳት ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል። በተለይ እናቶች እንጀራ ሲጋግሩና ወጥ ሲሠሩ በየቀኑ ጢስ ይውጣሉ። ጢሱ የሳንባን ቀጫጭን መንገዶች ያቈስላል፤ ከብዙ ዓመት በኋላም የማያቋርጥ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ይመጣል። በጀርባው ሕፃን ያዘለች እናት ስትጋግር ሕፃኑም አብሮ ጢሱን ይውጣል።

ለዚህ ብልሃቱ ከባድ አይደለም። ማድ ቤትን ከመኝታ ቤት መለየት፥ መስኮትና የጢስ መውጫ ማበጀት፥ እንጨትን አድርቆ ማንደድ፥ ጢስ የሚቀንስ ምድጃ መሥራት ይቻላል። ትንባሆ የሚያጤስ ሰው ግን ማንም ሳያስገድደው ጢስን በገንዘቡ ገዝቶ ወደ ሳንባው ያስገባል። ትንባሆ ልብንና የደም ሥርንም ይጎዳል፤ ቆዳንም ከጊዜው በፊት ያስረጃል። በማናቸውም ዕድሜ ቢሆን የተወው ሰው ይጠቀማል።

ስለማይታየው ደዌ

ዓይኑ የጠፋ ወይም እግሩ ያበጠ ሰው ደዌው ይታወቃል። የማይታይ ደዌም አለ፤ እርሱም የደም ግፊት ነው። ልብ ደምን በሥር ውስጥ ስትገፋ ግፊቱ ከልክ በላይ የሆነ እንደ ሆነ ሥሮቹ ይጎዳሉ። ሰውየው ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሕመም አይሰማውም። ከዕለታት አንድ ቀን የአንጎሉ ሥር ይደፈናል ወይም ይፈነዳል፤ ያን ጊዜ እጁና እግሩ ሽባ ይሆናል፤ አንደበቱም ይያዛል። ጎረቤቶቹም ‹‹ድንገት መታው›› ይላሉ። ነገር ግን ድንገት አይደለም፤ ለብዙ ዓመት ሲዘጋጅ የኖረ ነው።

የደም ግፊት በጤና ጣቢያ ክንድን በሚያስር መሣሪያ በጥቂት ደቂቃ ይለካል፤ አያምም። ከፍ ብሎ የተገኘበት ሰው ሐኪሙ ያዘዘለትን መድኃኒት ሳያቋርጥ መዋጥ አለበት። ‹‹ዛሬስ ደኅና ነኝ›› ብሎ የሚተወው ሰው ራሱን ያታልላል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም የበለጠ ጨው እንዳይበላ ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። አረቄንና ጠላን ማብዛትም የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ሽማግሌንም በመንገድ ላይ ይጥላል። በሀገራችን ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም›› ይባላል። በሽታው ራሱ በተደበቀ ጊዜ ደግሞ ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል።

ስለ ምግብና ስለ ጥርስ

የጎጃም መሬት ጤፍን፣ ስንዴን፣ ገብስን፣ ባቄላን፣ ሽምብራን፣ ድንችንና ጎመንን ያበቅላል። ከዚህ የተሻለ የጤና ምግብ በሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልግም። እህሉ ኃይል ይሰጣል፤ ባቄላው፣ ሽምብራውና ምስሩ ጡንቻን ይጠግናል፤ ጎመኑ ከደዌ ይጠብቃል፤ ወተትም አጥንትን ያጠነክራል። ስኳርና ጣፋጭ መጠጥ ሲበዛ ግን ጥርስ ይበላል፤ ውፍረትና የስኳር በሽታም ይከተላል።

ሰው ሲያረጅ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙ ሽማግሌዎች ጥቂት እንጀራ ብቻ ቀምሰው ‹‹በቃኝ›› ይላሉ። ነገር ግን እየሳሳ ያለውን ጡንቻ ለመጠገን ሽማግሌ ከጐልማሳ ይልቅ ጡንቻ ገንቢ ምግብ ያሻዋል። ከቤቱ ምግብ እንቍላሉ፣ ወተቱ፣ እርጎው፣ ሽሮውና ምስሩ ለሽማግሌዎችም እንዲደርሳቸው ማድረግ ይገባል። ጥርስ ለሌላቸው ምግቡን አልሞ ማቅረብ መልካም ነው። ጥርስንም ከልጅነት ጀምሮ በመፋቂያ ወይም በጥርስ ብሩሽ ጠዋትና ማታ ያጸዳ ሰው በሽምግልናው ቈሎ መቈርጠም አያቅተውም።

ስለ ጕልበት

በ1982 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚኖሩ ሐኪሞች በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ካሉ እጅግ ደካማ ሽማግሌዎች ጥቂቶችን መረጡ። ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 ዓመት ነበር። ከእነርሱም ብዙዎቹ ያለ ምርኩዝ አይሄዱም ነበር። ሐኪሞቹ በየሳምንቱ 3 ቀን በእግራቸው ክብደት እንዲያነሡ አስለመዷቸው። ከ8 ሳምንት በኋላ የእግራቸው ኃይል ከእጥፍ በላይ ሆነ። ይህ ነገር ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ድካማቸው ሁሉ የእርጅና ቢሆን ኖሮ በ8 ሳምንት ባልተመለሰ ነበር። ከፊሉ ያለ ሥራ ከመቀመጥ የመጣ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ለትላልቅ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ወይም እርሱን የመሰለ ሥራ ይመክራል። ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራም በሳምንት 2 ቀን፥ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ልምምድም ለሽማግሌዎች 3 ቀን ይጨምራል። ለዚህ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በእግር ወደ ገበያ መሄድ አንድ ነው። ከበርጩማ ላይ በእጅ ሳይደገፉ 10 ጊዜ ተነሥቶ መቀመጥ ጭንን ያጠነክራል። ግድግዳ ተደግፎ በአንድ እግር መቆም ከመውደቅ ይጠብቃል። ሽማግሌን የሚጎዳ ትልቅ ነገር መውደቅ ነውና፤ የሳሳ አጥንት ቶሎ ይሰበራል። ልጆች በቤት መካከል የተጣለውን ገመድና እንጨት ቢያነሡ፥ ሌሊትም ለሚነሡት አያቶቻቸው መብራት ቢያዘጋጁ ብዙ ስብራት ያስቀራሉ።

ቀነኒሳ በቀለ በ2016 ዓ.ም. በለንደን ማራቶን በ41 ዓመቱ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ጊዜውም 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ነበር። ሰው ሁሉ እንደ እርሱ መሮጥ አይችልም፤ ነገር ግን ያልተቋረጠ ልምምድ የእርጅናን እርምጃ እንደሚያዘገይ ከእርሱ መማር ይቻላል።

ስለ አእምሮ

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ማርቆስ አጠገብ፥ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሩ። ደብረ ወርቅና ዲማ ለጉንደ ወይን ቅርብ ናቸው። ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› የተባለውን መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። በዚያ አላበቁም፤ 80 ዓመት ካለፋቸው በኋላ በ1985 ዓ.ም. ‹‹ትዝታ›› የተባለውን መጽሐፋቸውን አወጡ። ከ90 ዓመት በላይ ኖረው በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ።

አእምሮም እንደ ጡንቻ ነው፤ የሚሠራበት ሰው ይጠብቀዋል። በ2016 ዓ.ም. ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ሐኪሞች የመርሳትን ደዌ መርምረው ባወጡት ጽሑፍ፥ ከዚህ ደዌ ከ100 እጅ 45 እጅ ያህሉ ሊከለከል ወይም ሊዘገይ እንደሚችል አስረድተዋል። ከምክንያቶቹም መካከል የደም ግፊት፣ ትንባሆ፣ የጆሮ መደንቈር፣ የዓይን መታወር፣ ብቸኝነትና በልጅነት አለመማር ይገኛሉ። እንግዲህ ልጅ ፊደል ሲቈጥር ለዛሬ ብቻ አይደለም፤ የሚያነበው እያንዳንዱ ገጽ ለእርጅናው የሚያስቀምጠው ስንቅ ነው።

ጆሮ ሲደነቍር ሽማግሌ ከጨዋታ ይለያል፤ ብቻውን ይቀመጣል። ብዙ ጊዜም የጆሮ መደፈን ምክንያት የተጠራቀመ ኵክ ብቻ ነው፤ በጤና ጣቢያ ሲያወጡለት ይሰማል። ብቸኝነትም ራሱ ደዌን ይጠራል። በአማርኛ ‹‹ሽማግሌ›› ማለት ያረጀ ሰው ብቻ አይደለም፤ አስታራቂም ማለት ነው። የጥንት ሰዎች ላረጀ ሰው ሥራ ሰጥተውት ነበር፤ የተጣላውን ያስታርቅ፥ ድንበር ይለይ፥ ለልጆችም ታሪክ ይንገር ነበር። ይህም ለአገሩ ብቻ ሳይሆን ለሽማግሌው ለራሱም ጤና ነበር። በዕድርና በማኅበር ከሰው ጋር የሚውል ሽማግሌ አእምሮው ንቁ ይሆናል።

የልጆች ድርሻ

በ1940ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተወለደ ሕፃን የሚጠበቅለት አማካይ ዕድሜ 40 ዓመት አይሞላም ነበር፤ ብዙዎች በሕፃንነታቸው ይሞቱ ነበርና። ዛሬ የሚወለደው ግን ከ65 ዓመት በላይ ይጠበቅለታል። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ከሚያነቡት ልጆች ብዙዎቹ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ይሆናሉ። እንደ ፊተኛው ሽማግሌ ይሆኑ ወይስ እንደ ሁለተኛው? ምርጫው ሁሉ በእጃቸው አይደለም፤ ብርቱ ጥንቃቄ ያደረገም ሰው ይታመማልና በታመመ ሰው ላይ መፍረድ አይገባም። ነገር ግን ብዙው በእጃቸው ነው።

ዛሬም ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። አንዲት ባልቴት በምድጃ ዳር ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን በመልኩ ሳይሆን በድምፁ ለይተው ይጠሩታል። እርሱም ‹‹እማማ፥ ጤና ጣቢያ እንሂድና ዓይንዎን ያሳዩ›› ይላቸዋል። እርሳቸውም ‹‹ተወኝ ልጄ፥ እርጅና ነው›› ይላሉ። ልጁ ግን ‹‹እርጅና ከሆነ ሐኪሙ ይንገረን፤ ደዌ ከሆነ ግን ይታከማልና እጅዎን ይስጡኝ፥ እኔ እመራዎታለሁ›› ቢላቸው፥ ምናልባት እርሳቸውን ከጨለማ የሚያወጣ ይህ አንድ ቃል ይሆናል።

ልጆች ሆይ፥ ፊታችሁን ታጠቡ፤ ጫማችሁን አድርጉ፤ ትምህርታችሁን ተማሩ። ሽማግሌም ‹‹እርጅና ነው›› ቢላችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ። ዕድሜን መስጠት የሰው ሥልጣን አይደለም፤ የተሰጠውን ዕድሜ በጤና መጠበቅ ግን የሰው ሥራ ነው።

ጥያቄ

1. ሽማግሌዎች ሲመርቁ ዕድሜንና ጤናን አንድ ላይ የሚያነሡት ስለ ምን ነው?
2. ሰውነት የሣር ቤትን የሚመስለው በምንድር ነው? የሚለይበትስ በምንድር ነው?
3. በልጅነት የጀመረ ትራኮማ በሽምግልና ዓይንን የሚያጠፋው እንዴት ነው?
4. የደጋው የእግር እብጠት ከምን ይመጣል? እንዴትስ ይከለከላል?
5. የደም ግፊት የማይታይ ደዌ የተባለው ስለ ምንድር ነው?
6. በቤታችሁ ‹‹እርጅና ነው›› ተብሎ የተተወ ነገር አለን? ለወላጆቻችሁ ንገሩ።